ለዳሞር ያወጣነው ተዝካር

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ ለጥሩዬ፣ ካለሽበት ከበርገን ከተማ።

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽስ እንደምን ነው? የጉልበትሽ ሕመም ሻል አለሽ ወይስ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስነክስሻል? ዝናቡ የማያባራው ያ አገር ዘንድሮስ እንዴት ይዞሻል? ልጃችን ማርያማዊት እንደምን አለች? ይህን ደብዳቤ እርሷ ታነብልሻለች ወይስ የእጅ ጽሑፌ ዛሬም ያስቸግራታል? እኔ ዕድሜ ከሚያመጣው የዓይን መፍዘዝና የወገብ መያዝ በቀር፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነኝ። ባለቤቴ አልጣሽም ደህና ናት። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ እንዳልጽፍልሽ ይህ ቃል በእኔና በአንቺ መካከል ብዙ ከመመላለሱ የተነሣ ነትቧል፤ ናፍቆቱ ግን እንደ አዲስ ነው። ማለዳ ከላህ ወንዝ በላይ ጉም ሲነሣ ባየሁ ቁጥር፣ ይህን አሁን ጥሩዬ ብታየው እላለሁ።

ደብዳቤሽ በመስከረም መጨረሻ ደርሶኛል። የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ነው፤ መልሱንም «እሺ ወይም አይሆንም ብለው በአንድ ቃል ይጻፉልኝ» ብለሻል። ለወንድማችን ለባምላኩ ተዝካር እንዲወጣለት ፈቃዴን ትሺያለሽ። መተማን ተሻግሮ ከሄደ በመጪው ጥር አሥራ ሁለት ዓመት እንደሚሞላው፣ ከሱዳን ከገዳሪፍ ከደወለባት ከዚያች ከአንዲት ቀን በኋላ ድምፁ እንዳልተሰማ፣ ከእኔ በቀር ቁርጡን ያልተቀበለ እንደሌለ ጽፈሻል። «በየደብዳቤዎ ግርጌ ባምላኩም ባለበት ሰላም ይልሻል እያሉ መጻፍዎ ልቤን ያደማዋል» ያልሽውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እሺ ካልኩሽ ከሥራሽ ፈቃድ ወስደሽ እንደምትመጪም ነግረሽኛል። የቤተሰቡ ታላቅ ነኝና ያለ እኔ ቃል ነገሩ እንደማይሆን እያወቅሁ ከአንድ ወር በላይ ዝም አልኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። እናታችን በ2008 ዓ.ም. ስታርፍ «ልጄ ሲመጣ አልጋው ተነጥፎ ይቆየው» ያለችውን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አልጋው እስከ ዛሬ እንደተነጠፈ ነው።

መልሴን ከመስጠቴ በፊት ስለ አንድ መጽሐፍ እንድነግርሽ ፍቀጂልኝ። ከነገሩ ለመሸሽ አይደለም፤ ወደ ነገሩ የደረስኩት በእርሱ በኩል ስለሆነ ነው። የ«ዜና ዘጠኝ አምባ» አሥራ አንደኛው ክፍል ወጥቷል።

የመጀመሪያውን ክፍል ባምላኩ በ1990 ዓ.ም. ከባሕር ዳር በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣበትን ቀን ታስታውሻለሽ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ እርሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያነብባል፤ አንቺ ሰፌድ ይዘሽ የበርበሬ ጭራ ትቀነጥሻለሽ፤ እኔ ደግሞ የመምህርነት ነገር አልለቅ ብሎኝ የደራሲውን ዐረፍተ ነገር ሳልጠየቅ አርማለሁ። በደመና ላይ ስለተቀመጡት ዘጠኝ አምባዎች፣ በየአምባው ስለሚነደው ማኅቶት፣ ማኅቶቱን ከጥቁሩ ነፋስ ስለሚጠብቀው ስለ ዳሞር የሰማነው እንዲያ ነው። ባምላኩ ዘንዶው የሚናገርበት ቦታ ሲደርስ ድምፄን አወፍራለሁ ብሎ ትን ይለዋል፤ አንቺም ሰፌድሽን ሳትለቂ «ዘንዶው ውኃ ይጠጣና ይቀጥል» ትይው ነበር። እናታችን ዘንዶ ውኃ ይጠጣ እንደሆነ ከልቧ ትጠይቀን ነበር።

ስድስተኛውን ክፍል ሳይጨርስ ሄደ። በሚሄድበት ዕለት ገጽ 212 ላይ የአውቶቡስ ቲኬት አስገብቶ «ስመለስ ከዚህ እቀጥላለሁ፤ ማንም እንዳይነካው» አለኝ። አልነካሁትም። ታሪኩን ለመጨረስ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሌላ ቅጂ ተዋስኩ እንጂ የእርሱን አልከፈትኩም። መጽሐፉ ከመደርደሪያው ላይ ነው፤ የቲኬቱ ጫፍ ብቅ እንዳለ ቢጫ ሆኗል።

ከእርሱ በኋላ አንባቢው እኔ ሆንኩ። አድማጮቼ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የድጓው መምህር መሪጌታ ዘሚካኤል፣ ሌላው ቅዳሜ ቅዳሜ ከጅጋ ጋቢ ሊሸጥ የሚመጣው ሸማኔው ቴዎፍሎስ። ከገበያ መልስ እኛ በረንዳ ላይ ይሰበሰቡልኛል። በ2010 ዓ.ም. በወጣው በስምንተኛው ክፍል ዳሞር ከጉም ድልድይ ላይ ወደቀ። አስከሬኑ አልተገኘም፤ የተገኘው መታጠቂያው ብቻ ነበር። ቴዎፍሎስ «እኛ እያለን እንዲሁ ወድቆ ይቅር?» አለና ምዕራፉን ካነበብን በአርባኛው ቀን አንድ ጋን ጠላ ከጅጋ በጋሪ አስጭኖ መጣ። እኔም ዳቦ አስጋገርኩ። መሪጌታን ፍትሐት እንዲያደርሱ ብንለምናቸው «ላልተጠመቀ ሰው ፍትሐት አላደርስም፤ ላልተወለደማ ከቶ እንዴት ብዬ?» አሉ። ከጠላው ግን አልቀሩም። እየሳቅን የዳሞርን ጀግንነት ስናወጋ አልጣሽ ዳቦውን እያቀረበች «ለወረቀት ሰው ተዝካር ወጣለት፤ የእናትህ ልጅ ግን ገና ይጠበቃል» አለች። ሥነ ጽሑፍ አይገባትም ብዬ በልቤ አለፍኳት።

አሥራ አንደኛው ክፍል የደረሰኝ፣ ተዘግቶ የቆየው መንገድ ለጥቂት ቀናት ተከፍቶ በነበረበት በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ስድስት መቶ አርባ ገጽ ነው፤ ወረቀቱ ከቀድሞዎቹ የሳሳ፣ ፊደሉም የደቀቀ ስለሆነ ለእኔ ዓይን አይራራም። ደራሲው እንደ እኔው አርጅቷል፤ ይህም በአጻጻፉ ይታወቃል። በወጣትነቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያሻግረን የነበረውን ድልድይ ዛሬ በሦስት ገጽ ይሠራዋል። የአምባዎቹ ሹማምንት ጉባኤ ብቻውን መቶ ገጽ ይፈጃል፤ ቴዎፍሎስ በመካከል ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶት ሁለት ጊዜም ሲነቃ ሹማምንቱ እዚያው ነበሩ። ከዚህ በፊት ያልሰማናቸው ሰዎች በየምዕራፉ እየመጡ ስማቸውን ሳንይዘው ይሞታሉ። ቋንቋው ግን አሁንም ያ የምናውቀው ነው፤ ስለ ነፋስ ሲጽፍ ገጹ ራሱ የሚገለጥ ይመስለኛል። ጉድለቱን ሁሉ ይቅር አልኩት፤ ምክንያቱም በገጽ 340 ላይ ዳሞር በሕይወት ተመለሰ።

ቴዎፍሎስ ከመቀመጫው ተነሥቶ «እንግዲያው ጠላዬን መልሱልኝ» አለ። መሪጌታም «እኔ የጠጣሁት ለጥሜ ነው እንጂ ለነፍሱ ብዬ አይደለም፤ መምህርን ጠይቀው» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙት። እኔ ግን መሳቅ ተሳነኝ። አስከሬኑ ያልተገኘ፣ ተዝካሩን የበላንለት ሰው በእግሩ መጣ። እንግዲህ ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ጥሩዬም አልጣሽም ሁላቸውም ቸኩለዋል አልኩ።

ሰኞን ጠብቄ መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ወደ ቡሬ ሄድኩ። ማንኩሳ ስንደርስ የመንገዱ ዳርና ዳር በተሰጣ በርበሬ ቀልቶ ነበር፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ሁሉ በየተራ አነጠስን፤ አንቺና ሰፌድሽ ትዝ አላችሁኝ። የሄድኩት ለባምላኩ ባለቤት ለብርሃን ያንን ምዕራፍ ላነብላት ነው። ብርሃን አሁንም እዚያው ቡሬ ታስተምራለች። ባሏ ከሄደ ጀምሮ ጥቁርም አልለበሰች፣ ያማረም አልለበሰች፤ አመድማ ቀሚስ ነው ልብሷ። ልቅሶ ቤት ስትገባ ሴቶቹ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይበሏት ወይስ «መቼ ይመጣል» ይበሏት ግራ ስለሚገባቸው ዝም ብለው ቦታ ይለቁላታል። ይህን ያወቅሁት ያን ቀን ከእርሷው አፍ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ስመላለስ ጠይቄያት አላውቅም።

የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ዳሞር ጉሙን ሰንጥቆ ወጣ፤ ደጁን አንኳኳ፤ ሚስቱ ጠጉሯ እንደሄደበት ቀን እንደጠቆረ ሮጣ ተቀበለችው፤ ማዕዱ ቀርቦ ወጡ ይጨስ ነበር። ጨርሼ ቀና አልኩ፤ የደስታ እንባ የጠበቅሁ ይመስለኛል። እርሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ጋሼ፣ ሰውየው ስንት ዓመት ነው የጠፋው?» አለችኝ። ዘጠኝ ክረምት አልኳት። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሳቱን ማን እያነደደ ነው ወጡ ያልቀዘቀዘው?» አለች። «ደራሲው እርሱን ለመመለስ ሲቸኩል እርሷን ረስቷታል» አለችና ሻሿን ወደ ኋላ ሸርተት አደረገችው። ጥሩዬ፣ ጠጉሯ ነጭ ሆኗል። በእናታችን ቀብር ላይ ያየሁት ጠጉር እንደ ከሰል ነበር።

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። «የከበደኝ መጠበቁ አይደለም፤ ደክሞኛል እንዳልል እርስዎን ማፈሬ ነው። በመጡ ቁጥር ስለ እርሱ እንደ መንገደኛ ያወራሉ፤ እኔም አብሬዎት መንገድ መንገዱን አያለሁ። ሲሄዱ በሬን ዘግቼ አለቅሳለሁ። በግላጭ ላለቅስለት ማን ፈቀደልኝ?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። ከዚያ ደብተሮቿን ሰብስባ እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ፤ በመንገድም ስለ ልጆቹ ፈተና ብቻ አወራን።

ቤቴ ተመልሼ ምዕራፉን እንደ ሐያሲ እንደገና አነበብኩት። ብርሃን በአንድ ጊዜ የሰማችውን እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬ አላየሁትም ነበር። የተመለሰው ሰው ጫማው አላለቀም። እናቱ የት እንዳለች አይጠይቅም። የሚቀልደው በሁለተኛው ክፍል የቀለደውን ቀልድ ነው። ደራሲው ዳሞርን አላመጣውም፤ አንባቢዎቹ ስለ ናፈቅነው የናፍቆታችንን ሥዕል ደጅ ላይ አቆመልን። ልወቅሰው ግን አልችልም። በየደብዳቤዬ ግርጌ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

ፍርዴ እንዳያዳላ ደግሞ ስለ አራተኛው ምዕራፍ ልንገርሽ፤ ለአድማጮቼ በችኮላ ያነበብኩት፣ በኋላም ብቻዬን የተመለስኩበት ነው። አንድ ደወል ደዋይ አለ። ጉም ውስጥ የገቡ መንገደኞች ድምፁን ተከትለው እንዲወጡ ዕድሜውን ሙሉ ሲደውል ኖሯል። አንድ ቀን የአምባው ሰዎች መጥተው ከእንግዲህ የሚወጣ እንደሌለ ይነግሩታል። አይከራከራቸውም። አንድ ጊዜ ይደውልና ድምፁ እስኪጠፋ ቆሞ ያደምጣል፤ ከዚያ ገመዱን በገዛ እጁ ይፈታል። በአሥራ ሦስት ገጽ ውስጥ አንድም የሚጣል ቃል የለም። በዚህ ዕድሜው እንዲህ የጻፈ ሰው ለቀረው ስድስት መቶ ገጽ ምሕረት ይገባዋል።

መልሴ እንግዲህ እሺ ነው።

መሪጌታን አማክሬያቸዋለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ አልቀለዱም። «ለባምላኩማ ፍትሐቱን ራሴ አደርሳለሁ፤ በሕይወት ቢኖርም እንኳ ጸሎት አይጎዳውም» አሉኝ። ያረፈበትን ቀን ስለማናውቅ ከቤት የወጣበትን እንቆጥራለን ተባብለናል፤ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ ጥር 22። ለብርሃን በስልክ ስነግራት «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ» ብቻ ብላ ዘጋችው።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ዘጠኝ ዓመት አላየሁሽምና፣ እሺ ብዬ ቶሎ ላስመጣሽ በተገባኝ ነበር። ነገር ግን የመምጫሽን ቀን ሳስብ አንቺ ነጭ ለብሰሽ ከአውቶቡስ ስትወርጂ፣ እርሱ ሻንጣሽን ሊቀበል ከፊት ቆሞ፣ እኔ ከኋላ በምርኩዜ ስከተል ነበር የሚታየኝ። ይህን ሥዕል በየዓመቱ ሳሳምረው እርሱ ሃምሳ ዓመት እንደሚሞላው ረሳሁ፤ አንቺም እንደምታረጂ ረሳሁ። በጥቁርም ቢሆን ነዪልኝ። መናኸሪያው ወንበር ላይ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ።

መጽሐፉን አትግዢው፤ የእኔን ትወስጃለሽ፤ ከአራተኛው ምዕራፍ ጀምሪ። የባምላኩን ስድስተኛ ክፍል ግን በተዝካሩ ዕለት፣ እንግዳው ተሸኝቶ የቤት ሰው ብቻ ስንቀር፣ እኔ እከፍተዋለሁ። ቲኬቱን ለብርሃን ሰጥቼ ገጽ 213ን ጮክ ብዬ አነብባለሁ። አንቺ በርበሬሽን ይዘሽ ከጎኔ ተቀመጪ። ከተዋስኩት ቅጂ እንደማስታውሰው ዘንዶው የሚናገርበት ቦታ ነው፤ ድምፄን ለማወፈር እሞክራለሁ። ትን ቢለኝ የምትይውን ታውቂያለሽ።

አልጣሽ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች፤ የባምላኩን አልጋ ለአንቺ መተኛ አንሶላውን ልትቀይረው ነው። ልጄ ሕሊና ሰላም ትልሻለች፤ ይህን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንሥታ ዛሬውኑ ትልክልሻለች፣ ዋናው ወረቀት በፖስታ ይከተላል። መሪጌታ ዘሚካኤል በጸሎት ያስቡሻል። ቴዎፍሎስ ሰላም ብሎሻል፤ ለጥርም ጠላውን ከጅጋ አመጣለሁ፣ ይህኛውን ግን መልሱልኝ አልልም ብሏል። ብርሃን ሰላም ብላሻለች፤ ጥቁር ልብሷን እዚያው ቡሬ እያሰፋች ነው። ማርያማዊትን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ወንድማችንን ባምላኩን ነፍሱን ይማርልን።

ታላቅ ወንድምሽ
እንድሪያስ

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.