የስፌት መኪና ሐኪሙ ጋሼ ጠብታ፣ ከነጠፋው ዕቃቸው

ጋሼ ጠብታ ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የዛሬ ሰባ አምስት ዓመት ተወለዱ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ምለው እንደነገሩን፣ ሲወለዱ አላለቀሱም፤ የበሩ ማጠፊያ ሲያቃስት ሰምተው ወደዚያው ዞሩ እንጂ። እናት ደግሞ ውሸታም አይባልም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። ያቋረጡት የርዕሰ መምህሩን ሰዓት ፈትተው ሲገጥሙ ሁለት ባለጥርስ መዘውሮች ስለተረፏቸው ነው። ሰዓቱ ግን ከዚያ ወዲህ ይበልጥ በትክክል ሄዷል ይባላል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል የስፌት መኪና መጠገን ጀመሩ። ማንኛውም መኪና በአንድ ጠብታ ዘይት ይድናል ባይ ስለነበሩ ስማቸው ጠብታ ሆኖ ቀረ። "መርፌውን ሁሉም ያየዋል፤ መኪና የሚገድለው ግን ከሥር ያልተጠረገው ብናኝ ነው" ይሉ ነበር።

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የተዋወቁትም መኪናቸውን ሊያስጠግኑ ሲመጡ ነው። ጋሼ አንዷን ብሎን ሆን ብለው እያላሉ አሥራ አንድ ጊዜ አመላለሷቸው፤ በአሥራ ሁለተኛው ተጋቡ። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

ይህን የጻፈው፣ ቤተሰቡ "ቀጣፊው" የሚለው የእህታቸው ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ረዳታቸው ነበር። ሥራው ብናኝ መጥረግ፣ ዘይት መቀባትና የጋሼን ካቻቢቴ መደበቅ ነበር። ካቻቢቴው አንዴ ከዳቦ ውስጥ፣ አንዴ ከባለቤታቸው ጫማ ውስጥ ወጥቷል። በዚያ ቤት ዕቃ ሲጠፋ የሚፈልግ የለም፤ "ቀጣፊው! አምጣ!" ብቻ ነው።

ጋሼ ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ግን፣ እሱ ያልደበቀው ካቻቢቴ ከስኳር ጣሳ ውስጥ ተገኘ። "አንተ ነህ?" አሉት። ዓይናቸው ውስጥ ፍርሃት ነበር።

"አዎ ጋሼ" አላቸው።

"አንተ ሰይጣን!" ብለው ትከሻውን መትተው ሳቁ። ከዚያ በኋላ የመነጽሩንም፣ የቁልፉንም፣ የደንበኛ መኪና ፔዳልንም ጥፋት ተቀበለ። ልጃቸው "በሽማግሌ ትቀልዳለህ? አታፍርም?" እያለች ስትወርድበት ይገለፍጥ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ፣ ጋሼ ሃምሳ ዓመት የተመላለሱበት ማዕዘን ላይ ቆሙና "መንገዱንም ደበቅከው?" አሉት። ይህን አዎ ማለት አቃተው።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሟ እንዳስረዱን፣ አንጎል ውስጥ ከሚያስቡት ሕዋሳት ጎን፣ እነሱን የሚመግቡ፣ ቆሻሻ የሚጠርጉላቸውና የሚጠብቋቸው ደጋፊ ሕዋሳት አሉ። ደጋፊዎቹ ሲያረጁ መጥረጉን ይተዋሉ፤ አንዳንዶቹም እንደተቆጣ ሰው የሚጠብቁትን ራሱን ይጎዳሉ። የመርሳት ሕመሙ በዚህ ሳይባባስ አይቀርም፤ ጥናቱ ግን ገና አላለቀም።

ጋሼ አዳምጠው "እንግዲያው መርፌው ደህና ነው፤ ያረጀው ረዳቱ ነው በይኛ!" አሉና ወደ ቀጣፊው ዞረው ሳቁ። ሁላችንም ሳቅን። ሐኪሟ "መቼ ጀመራቸው?" ሲሉ ልጃቸው "በዚህ ወር" አለች። ረዳቱ ጫማውን አየ።

ሦስት ዓመት ታመሙ። በመጨረሻው ሳምንት ባለቤታቸውን "እመቤት፣ መኪናዎ ደግሞ ምን ሆነ?" ይሏቸው ነበር። እሳቸውም "ያቺው ብሎን ላላች" ይሏቸዋል። እኔን እጄን ይዘው "ስሜንም አንተ ነህ የደበቅከው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ፤ ነገ አመጣዋለሁ" አልኳቸው።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና አንድ ረዳት ቀርተዋል።

እህቴ፣ የጋሼ ልጅ፣ ያኔ ከተቆጣሽባቸው ዕቃዎች አንዱንም አልደበቅኩም። የደበቅኩት እነዚያን ሁለት ዓመታት ነው። ቀድመን ብንሄድ ይሻላቸው ነበር ወይ ብዬ ሐኪሟን እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም፤ ፈራሁ።

ፈጣሪ የጋሼን ነፍስ ምንም ነገር በማይጠፋበት ቦታ ያኑርልን።