ጋሽ በላቸው በእንግሊዝኛ ሲናገር

ይድረስ ለደሬ፣ ለልጆቼ አባት፤

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ገባብን። ሙት ዓመትህን ቤተ ክርስቲያን አስበን ስንመለስ እህትህ ጥቁሩን በግድ አስወለቀችኝ። «እሱም ቢሆን አይወድልሽም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጥቁር በለበስኩ ቁጥር የሆቴል አስተናጋጅ መሰልሽ ትለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ በምን እንደምጀምር ስላላወቅኩ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ሆነ፤ ለሌላ ሰው ብነግረው የሚገባውም አይመስለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ቢከን ሂል ያለውን ቤት ለቀን ከከተማው ወጣ ብለን ኬንት ገባን። ብቻዬን አልቻልኩትም፣ ደሬ። አዲሱ ቤት ፀሐይ ያገባል፤ መስኮቱ የሚያየው ግን የጭነት መኪናዎች የሚያድሩበትን ሜዳ ነው። ጠዋት በባቡር ወደ ሥራ እሄዳለሁ። መኪናህን የምነዳው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው፤ ፓርክ ማድረግ አሁንም አይሆንልኝም፣ ሁለት መኪና የሚያቆም ቦታ ካላገኘሁ ዞሬ እሄዳለሁ። ናሆም የፊት ጥርሶቹ ወልቀው እየበቀሉ ነው፤ ሲስቅ ቁርጥ አንተን። ሶልያና በቁመት በልጣኛለች።

የከበደኝ የሶልያና ነገር ነበር። ከቀብርህ በኋላ ስምህን አንስታ አታውቅም። እኔ ካነሳሁ ደግሞ ተነስታ ክፍሏ ትገባና በሩን ትዘጋለች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እሱንም በአንድ ቃል፣ «ኦኬ»፣ «ፋይን» እያለች። ዘመዶች ሲመጡ ሰላም ብላ ትጠፋለች። እህትህ «ዕድሜዋ ነው፣ ተያት» ትለኛለች። እኔ ግን አማርኛዋ ካንተ ጋር የተቀበረ መሰለኝ። ድሮስ ከማን ጋር ነበር የምታወራው? ካንተ ጋር ነበር። ያስተማርካትም አንተ ነህ፤ ያውም በዚያ የካርቱን ፊልም።

ናሆም በተወለደ ሰሞን ነው የተጀመረው። እኔ ከሆስፒታል ወጥቼ ሶፋው ላይ ጋደም ብያለሁ፣ ሕፃኑ ደረቴ ላይ ተኝቷል። ሶልያና ፊልሙ ካልተከፈተልኝ ብላ ታለቅሳለች። ከፈትክላትና ሕፃኑ እንዳይነቃ ድምፁን ዘጋኸው። «ምን እንደሚሉ አይሰማኝም» ስትልህ «እኔ እነግርሻለሁ» አልካትና በሹክሹክታ ጀመርክ።

የፊልሙ ሰዎች ቀን ቀን ላውንደሪያቸው ውስጥ የሰው ሸሚዝ ሲተኩሱ የሚውሉ፣ ከተማው ሲጨነቅ ደግሞ በጓሮ በር ወጥተው የሚያድኑት ቤተሰብ ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ የራሳቸው ስም አላቸው፤ እኛ ግን ረስተነዋል። አባትየውን ጋሽ በላቸው አልከው። ከተራራ ማዶ የሚያለቅስ ሰው ይሰማዋል፤ ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ስትጠራው ግን አይሰማም። ሚስቱ ነፋስን የምታዘዋ እትዬ ጥሩወርቅ ሆነች፤ የነካችውን ሁሉ የምታበራዋ ልጃቸው ደግሞ ብርሃኔ። ክፉውን ሰውዬ አቶ ክንፉ ብለህ እንደ ድሮ የቀበሌ ሊቀመንበር አደረግኸው፤ ከተማውን ሊያቃጥል ሲል እንኳ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ ጓዶች» ብሎ ነው የሚጀምረው። የእትዬ ጥሩወርቅ አነጋገር የእናቴ እንደነበረ ወዲያው ነው ያወቅኩት። ልቆጣህ ስል ሳቄ መጣ፤ የተሰፋሁበት እያመመኝ «ደሬ፣ በናትህ ተው!» አልኩህ። አልተውክም።

ከዚያ ወዲህ ያ ፊልም እኛ ቤት በራሱ ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። ዝናብ በሆነ እሑድ ሁሉ ድምፁን ዘግተህ ሁሉንም አንተ ትናገርላቸው ነበር። ናሆም አፉን የፈታው በጋሽ በላቸው ንግግር ነው ብል ውሸት አይሆንም። ሶልያናም ብርሃኔን እንድትሆን ስትፈቅድላት የምትለው እንዲገባት ብላ የብርሃኔን ቃል ሁሉ ትጠይቅህ ነበር።

አንድ ቀን «የሕፃን ፊልም ውስጥ ምን አግኝተህ ነው?» ብዬ ጠየቅኩህ። በጠዋት ወጥተህ ከኤርፖርት ሆቴል፣ ከሆቴል ኤርፖርት የሰው ሻንጣ ስትጭንና ስታወርድ ውለህ፣ ጫማህን እያወለቅህ ነበር። «ከተማውን አድነው ቤት ሲገቡ ሳህኑን ማን ያጥባል ብለው ይጣላሉ፤ ደስ የሚለኝ እሱ ነው» አልከኝ። ትንሽ ቆይተህ ደግሞ «ጋሽ በላቸው አቶ ክንፉን አይፈራውም። የሚፈራው ልጆቹ እሱ ሳያያቸው እንዳያድጉበት ነው» አልክ። እኔ ያን ጊዜ ስለ ካርቱን እያወራህ መስሎኝ ነበር።

በሽታው ሲጠናብህም አልተውከውም። የሚነገረው ግን እያጠረ ሄደ። መጨረሻ ላይ ጋሽ በላቸው አንድ ቃል ብቻ ይልና ዝም ይላል፣ አቶ ክንፉም «ጓዶች» ብሎ ይቀራል። ናሆም «ዛሬ ለምን አያወሩም?» ሲልህ «ጀግና ሁልጊዜ አያወራም» አልከው። አመነህ። ሶልያና አላመነችህም፤ ያየኋት እኔ ነኝ። ፊልሙ ሳያልቅ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችው።

አሁን ወደ ሰሞኑ ነገር ልምጣ። የዚያ ፊልም ሁለተኛ ክፍል ወጥቷል። ናሆም ትምህርት ቤት ሰምቶ መጥቶ እረፍት ነሳኝ። ሶልያናን «አብረን እንሂድ» ብላት «ኖ» ብላ በሯን ዘጋች። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት እኔና ናሆም ብቻችንን ሲኒማ ቤት ሄድን። ፈንዲሻ ገዛሁለት፣ አዳራሹ በልጆች ጫጫታ ተሞልቷል። መብራቱ ጠፋና ጋሽ በላቸው ከነሸሚዝ መተኮሻው ብቅ አለ። ናሆም «እማዬ፣ ያውልህ!» ብሎ ጉልበቴን ያዘኝ፤ ሲደሰት አሁንም «ያውልሽ» ማለት ይጠፋዋል።

ከዚያ ጋሽ በላቸው አፉን ከፈተና በእንግሊዝኛ ተናገረ።

ወፍራም፣ የሚያምር ድምፅ ነው፤ ሰውየው ምንም አላጠፋም። ናሆም ግን ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። «እሱ አይደለም» አለኝ። «እሱ ነው እኮ፣ ናሆሜ፤ ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው» አልኩት። «አይደለም። ድምፁ የት ሄደ?» አለኝ። አንተ እንደሞትክ ያውቃል፤ ቀብርህ ላይ ነበር፣ አበባ ጥሏል። ግን ጋሽ በላቸውም አብሮህ እንደሄደ የገባው እዚያ ወንበር ላይ መሰለኝ። ማልቀስ ጀመረ። ፊት ያሉት ዞረው አዩን። ጃኬቱን አልብሼ ይዤው ወጣሁ። መኪና ውስጥም አላባራም፣ እኔም መንገዱ በእንባ እየደበዘዘብኝ ነው የነዳሁት።

ሶልያና በሩን ስትከፍት ወንድሟን አይታ ደነገጠች። ተንሰቅስቆ ነገራት። ዞራ በእንግሊዝኛ ጮኸችብኝ፦ ለምን ወሰድሽው፣ እንደዚህ እንደሚሆን አታውቂም ነበር? ከነካፖርቴ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እሷ ናሆምን እጁን ይዛ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው፤ የድሮውን ፊልም ፈልጋ ከፈተችና ድምፁን ዘጋችው።

ጋሽ በላቸው ሸሚዝ እየተኮሰ ብቅ ሲል ዝም አለች። ሁለተኛ አፉን ሲከፍት ግን ድምፅዋን አወፍራ፣ «ጥሩዬ፣ የማን ሸሚዝ ነው ይሄ? የአንገትጌው እድፍ አልለቅ አለኝ እኮ!» አለች።

ደሬ፣ በአማርኛ። በራስህ ቃል።

ሁሉን ታውቀዋለች። አንዳንዱ ቦታ ይጠፋባታል፤ ያኔ ናሆም እንባውን በእጅጌው እየጠረገ «ኖ፣ እንደዚያ አላለም» ብሎ ያርማታል። አቶ ክንፉ ሲመጣ ጉሮሮዋን ጠርጋ «እንግዲህ ጓዶች» ስትል ናሆም ሳቀ። እትዬ ጥሩወርቅ ላይ ስትደርስ ዞራ አየችኝ፤ የእኔ ተራ ነው ማለቷ ነው። እናቴን አስመስዬ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ በሩ ላይ እንደቆምኩ ጀመርኩ። ከዚያ መጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መጨረሻ ላይ አቶ ክንፉ ተሸንፎ ወድቆ እትዬ ጥሩወርቅ ከላይ ስታየው፣ ሶልያና ከእኔ ቀድማ ያንተኑ «ይብላኝ ላንተ!» ብላ ጮኸችበት።

ፊልሙ አለቀ። ናሆም ራበኝ ብሎ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደ። ሶልያና ሪሞቱን እያገላበጠች፣ «እማዬ፣ ይብላኝ ምን ማለት ነው?» አለችኝ፣ በአማርኛ። «አባቢን ጠይቄው አላውቅም። ለአቶ ክንፉ ስለሚባል ስድብ ነው ብዬ ነው።»

«ስድብ አይደለም» አልኳት። «ለምታዝኚለት ሰው የሚባል ነው። መከራው ለሚቀርበት ሰው። እኔ ላንተ ልዘን፣ ልጨነቅልህ እንደማለት ነው። አባትሽ ለቀልድ ነው ያደረገው።»

ሪሞቱን አስቀመጠችው። «አባቢ የሞተ ጊዜ፣ ቤት የመጡት ሴቶች እኔና ናሆምን እያዩ ይሉ ነበር» አለች። «ይብላኝ ለነዚህ ልጆች፣ እሱስ አረፈ፣ ይሉ ነበር። ሶ፣ እየሰደቡን መስሎኝ ነበር። ምን አድርገናል? ለአቶ ክንፉ የሚባለውን ለምን ይሉናል ብዬ…»

ዓመት ሙሉ ይህንን ይዛ ነው የኖረችው፣ ደሬ። ለቅሶ ቤት ተቀምጣ፣ ያዘኑላት ሰዎች እንደ ጠላት የሚያዩዋት መስሏት። አቅፌያት «ሲያዝኑላችሁ ነው፣ ልጄ፤ ስለወደዷችሁ ነው» እያልኩ ደጋገምኩላት። ትልቅ ልጅ መሆኗን ረስታ ጭኔ ላይ ተኛችልኝ። ካንተ በኋላ እኔና እሷ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው። ናሆም ዳቦውን ይዞ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠና ምንም ሳይጠይቅ ቆርሶ ቆርሶ ሰጠን።

ማክሰኞ እህትህ መጥታ ነበር። ሶልያና ክፍሏ አልገባችም። ሻይ አቀረበችላትና ስላንተ ጠየቀቻት፤ ልጅ ሳለህ ምን ትመስል እንደነበር። እህትህ አንዴ ከጀመረች መቼ ታበቃለች! እኔ የማላውቀውን ሁሉ ሰማሁ፤ ሳገኝህ እጠይቅሃለሁ።

ሁለተኛው ክፍል ቤት ውስጥ የሚታይበት ጊዜ ሲደርስ ድምፁን ዘግተን እናየዋለን ተባብለናል። ጋሽ በላቸው እዚያ ውስጥ ምን እንደሚል ካንተ አልሰማንም። ልጆችህ ይናገሩለታል፤ ሲያቅታቸው እኔ አለሁ። ያንተን ያህል ባያምር ይቅር በለን።

እንግዲህ ደህና ሁን አልልህም። ይህን ብቻ እወቅልኝ፦ እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ በዚህ ቤት ስምህ ሳይጠራ የሚመሽ ቀን አይኖርም። ከእንግዲህ ብቻዬን አይደለም የምጠራህ።

ያንተው ትዕግሥት
ኬንት