ስለ «እርጥብ ክብሪት» አዲስ አልበምና ስለተደረገልን ጥንቃቄ

ለክብርት ወይዘሮ ዴልፊን ሮክስበርግ
የአረጋውያን መኖሪያችን ሥራ አስኪያጅ
ደኒደን

ክብርት ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የመውጫ ፈቃድ ኮሚቴው አባላትም በፍጹም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። ደብዳቤውን በጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በአስተያየት ሳጥኑ የከተትኳቸው አራት ወረቀቶች መልስ ስላላገኙ፣ ሳጥኑ ሞልቶ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ አልበም ነው። «እርጥብ ክብሪት» የተባለውን የሮክ ባንድ ላያውቁት ይችላሉ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የወደቡን መስመር አውቶቡስ በምነዳበት ዘመን፣ ጊታራቸውን በዝናብ ልብስ ጠቅልለው ኋላ የሚቀመጡ አራት ልጆች ነበሩ፤ የመጀመሪያ ካሴታቸውን በእጃቸው ሰጥተውኛል። ሃያ አንድ ዓመት ዝም ካሉ በኋላ ዘንድሮ አዲስ አልበም አወጡ። የዘፋኟ የብሮንዊን ድምፅ ሻክሯል፤ ከበሮ መቺው ግማሽ ምት ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንዲት ጊታር ስትስት እንኳ እንደሳተች ትተዋታል። እርጅናቸውን አልደበቁም። ሦስተኛዋን ዘፈን ስሰማ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፤ ስስቅም እንባዬ መጣ። በሰባ ስድስት ዓመቴ እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አንደኛ፣ ለጸጥታችን ስላደረጉት ጥበቃ አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ ታማቲ ፓራታ የወደብ ክሬን ሠራተኛ የነበረ፣ ጆሮው ከሞላ ጎደል የማይሰማ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ንዝረቱ ደርሶት ግድግዳውን በከዘራው ደብድቦ፣ «አንቺ ሹፌር፣ ይሄ ዘፈን ነው ወይስ ማጠቢያ ማሽን ተበላሸብሽ?» አለኝ። በአራተኛው ቀን ግን ራሱ በሬን ከፍቶ ገባና፣ «ያችን ሦስተኛዋን ድገሚያት እስቲ» አለ። መዳፉን ማጫወቻው ላይ አሳርፎ ጨረሳትና፣ «ከበሮኛው የደከመው ሰው ነው፤ ግን ሥራውን ጥሎ አልሄደም» አለ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አብረን እናዳምጥ ነበር፤ «የሚያረጋጋ ሙዚቃ ብቻ ይፈቀዳል» የሚለው ማስታወቂያዎ እስኪለጠፍ ድረስ። አሁን በኮሪደሩ ድምፅ ማጉያ ከጧት እስከ እራት ዋሽንት እንሰማለን፤ ከመረጋጋታችን የተነሣም ማን እንደተኛና ማን እንደነቃ መለየት አስቸግሯል።

ሁለተኛ፣ ባንዱ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት በወደቡ አዳራሽ አልበሙን እንደሚያስመርቅ ሰምተን፣ ሦስት ሳምንት ቀደም ብለን አሥራ አንድ ገጽ የፈቃድ ቅጽ ሞላን። «የጉዞው የጤና ጥቅም» በሚለው ቦታ ላይ ምን ልጻፍ ብዬ ብጠይቀው፣ ታማቲ «ደስ ይለናል በያቸዋ» አለኝ። ደስታ የጤና ጥቅም አለመሆኑን ገልጸው ስለመለሱልን ትምህርት አግኝተናል፤ «የደም ዝውውር» ብዬ አረምኩት። ቅዳሜ ደረሰ፣ መልስ የለም። ታማቲ ጢሙን ተላጭቶ፣ ለቀብር የሚለብሰውን ኮት ለብሶ መጣና፣ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። የመኖሪያችን መኪና ሹፌር ሲዮኔ አጠገባችን መጥቶ ቁጢጥ አለና፣ «እማማ ሞይራ፣ እኔስ ይዣችሁ ብሄድ ደስ ባለኝ፤ ያለ ወረቀት ግን እንጀራዬን ነው የማጣው» አለ። አልተቀየምኩትም፤ እኔም ሹፌር ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ጥቂት እንደቆየ ታማቲ ሰዓቱን አይቶ፣ «አሁን ሦስተኛዋ ላይ ደርሰዋል» አለና መዳፉን ወንበሩ ላይ አሳረፈ። እኔም አሳረፍኩ። እስኪመሽ ተቀምጠን ለእራት ገባን።

ሦስተኛ፣ ፈቃዱ ባለማኅተም ሆኖ ማክሰኞ ዕለት፣ ማለትም ከዝግጅቱ ሦስት ቀን በኋላ ስለደረሰን ከልብ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ብቻ መሆኑን ያወቅነው ያኔ ነው። ሳነብለት ታማቲ ሳቀ፤ ከዚያ ግን ወደ ክፍሌ መጥቶ አያውቅም። «ዛሬ ደክሞኛል» ይላል፤ ነገም እንዲሁ። በዘጠነኛው ቀን አረፈ። ወገኖቹ መጥተው ወደ ማራኤያቸው፣ አባቶቹ ወደተሸኙበት የጎሳቸው መሰብሰቢያ ቤት ወሰዱት፤ እኔንም ለቀብሩ ጠሩኝ። ያው አሥራ አንድ ገጽ ቅጽ ተሰጠኝ። በዚህኛው ላይ ከጤና ጥቅም በታች ምንም አልጻፍኩም። ቀብሩ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው፤ አትቸኩሉ።

ከማስታወቂያው በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጌ በድብቅ እሰማው የነበረውን አልበም መስማት አቁሜአለሁ። የከለከሉኝ እርስዎ አይደሉም፤ ዋሽንቱ ሦስተኛዋን ዘፈን ከጆሮዬ አጥፍቷታል፣ ላስታውሳት ብሞክር አልመጣ አለችኝ።

ደኅንነቴ በደስታዬ እንዳይቀደም ሌት ተቀን ለሚደክሙልኝ ለእርስዎና ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜ፣ ልጆችዎም በእርጅናዎ ዘመን እርስዎ ለእኛ በሚያስቡልን ልክ እንዲያስቡልዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሞይራ ታፕሴል
ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር

ማሳሰቢያ፦ ትናንት በታማቲ ስም የእርካታ መጠይቅ በበሩ ሥር ገብቶ አገኘሁና በእርሱ ፈንታ ሞላሁት። «መኖሪያችንን ለወዳጅዎ ይመክራሉ?» ለሚለው ግን «አያስፈልግም» ብዬ ጻፍኩ፤ ለእርሱ የነበረችው ወዳጅ አንዲት ሹፌር ነበረች፤ እሷም እዚሁ ናት።