ዝም ያለው አናጢ

ለውድ አባቴ፦

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? አክስቴ በስልክ «ደህና ነው» ትለኛለች፤ እሷ ግን ጎንበስ ብለህ መነሣት ቢያቅትህም ደህና ነው ከማለት አትመለስም። አንተኑ ብጠይቅ ይሻላል ብዬ ነው፤ እንደማትመልስልኝ እያወቅኩ። እኔ ደህና ነኝ። የምተኛበት ክፍል መስኮቱ አይገጥምም። ነፋስ በገባ ቁጥር፣ አንተ ብታየው እንዴት ራስህን እንደምትነቀንቅ አስባለሁ። ወንድሜም እዚሁ እኔ ጋ ደህና ነው።

ባለፈው ደብዳቤዬ ወንድሜ ወደ ቤት ይመለስ ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር። ደርሶህ እንደሆነ አክስቴን ጠየቅኳት፤ «አንብቦ፣ አጥፎ፣ ደረት ኪሱ ከተተው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም። አልወቅስህም። ግን ዝምታህን ስተረጉም ከረምኩ። ትምህርቱም አላሳረፈኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ በየዓመቱ የምስለ ችሎት ውድድር አለ። እውነተኛ ክስ የለም፣ እውነተኛ ዳኛም የለም፤ መምህራን ካባ ለብሰው ይቀመጣሉ፣ እኛ ጠበቃ ሆነን እንከራከራለን። የማን ጠበቃ እንደምንሆን የሚወስነው ዕጣ ነው። ያመኑበትን መምረጥ የለም።

የዘንድሮው ጉዳይ ስለ አንድ አናጢ ነበር። ሳነበው የአንተን ታሪክ መሰለኝ።

አንድ ሆቴል ወንበር ሲፈልግ ለአናጢው ይጽፋል። አናጢው መልስ አይጽፍም፤ ወንበሮቹን ሠርቶ ያመጣል። ዓመታት እንዲህ ኖሩ። አንድ ጊዜ ግን ሆቴሉ ጻፈ፣ አናጢው ዝም አለ፣ ወንበርም አልመጣ። እንግዶች ቆመው ቀሩ። ውል ነበር ወይስ አልነበረም? በሕጉ ዝም ማለት እሺ ማለት አይደለም። ሁለት ሰዎች በዝምታ መስማማት ልማዳቸው ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለእኔ የወጣልኝ የሆቴሉ ወገን ነው። ዝም ማለቱ እሺ ማለቱ ነው ብሎ መሟገት።

የክርክር አጋሬን «አንቀጽ» ነው የምንለው። ዳቦ ቤት ገብቶ እንኳ ሻጯ ዳቦውን ስታቀብለው፣ «በዚህ ቅጽበት ውላችን ተመሠረተ» ይላታል። እሷም፣ «አንተ ልጅ፣ ውሉን ተወውና ወረፋውን ልቀቅ» ትለዋለች። እሱ ሕጉን ያዘ፣ እኔ ፍሬ ነገሩን።

ዕለቱ ደረሰ። ወንድሜ መጥቶ ከኋላ ተቀምጧል። እንደ ልማዱ በግራ እጁ እየጻፈ የመዳፉን ጠርዝ በቀለም አጥቁሯል። ንግግሬን ሳጋምስ የመሐል ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ለመሆኑ ዝም ሲል እሺ ማለቱ የሆነ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

አፌ ቀደመኝ። «አዎ ክቡር ፍርድ ቤት፤ አባቴ» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። እኔ ቀጠልኩ። ስለ ጠረጴዛዬ ነገርኳቸው። ልጅ ሆኜ የማጠናበት ጠረጴዛ ሥራልኝ ብዬ ስለምንህ ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም። አኩርፌ ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ አልጋዬ አጠገብ ቆሟል፤ ቫርኒሹ ገና ያጣብቃል። እንዲህ ያለ ሰው ዝም ካለ እሺ ብሏል አልኩ።

ከተቃራኒው ወገን አንዲት ቀጭን ድምፅ ያላት ልጅ ተነሣች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የባልደረባዬ አባት እምቢ ሲሉስ ምን እንደሚሉ ይጠየቅልኝ» አለች።

ያኔም ዝም ነው የምትለው።

ውሃ ጠጣሁ። ሰዓት ያዡ ደወሉን መታ። ተሸነፍን። «አንቀጽ» እስከ በሩ ድረስ፣ «ሕጉ በእጃችን ነበር እኮ! አባትሽን ምን ጎትቶ አመጣቸው?» እያለ አጉረመረመብኝ።

ወንድሜ ውጭ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። «መልሱ ቀላል ነበር» አለኝ። «አባዬ ሲከለክል ዝም ብሎ ዕቃ ያነሣል። ሲፈቅድ ዝም ብሎ ዕቃ ያስቀምጣል።»

«ታዲያ ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ!» ብዬ ሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም። «የእኔን ሞርሳ አንሥቶታል» አለ፣ መዳፉን እያየ። ለግራ እጁ እንዲመቸው ብለህ በሥራ ጠረጴዛው ቀኝ ጫፍ ያሰርክለትን፣ እንጨቱን ጨምቆ የሚይዝበትን። ያን ጊዜም ቢሆን ሳትነግረው ነበር ያሰርክለት። የእንጨት ማሽን እንግዛ አንግዛ በሚለው ተጣልታችሁ በሄደ ማግስት፣ ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ፣ ቦታው ባዶ ነበር። የቡሎኖቹ ቀዳዳ ብቻ። ይህን አላውቅም ነበር።

ትናንት አክስቴ ደወለች። ስለ ጎረቤቱ አጥር ስታወራኝ ቆየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንቺ፣ አባትሽን ምን እንደነካው እንጃ» አለችኝ። «ያን አሮጌ ሞርሳ ከሳጥን አውጥቶ ዝገቱን ሲፍቅ፣ ዘይት ሲቀባ ዋለ። ከዚያ ጠረጴዛው ቀኝ ጫፍ ላይ አሰረው። እሱ እንደሆነ በዚያ በኩል ሠርቶ አያውቅ! በዚህ ወገቡ! ለማን ነው ብለው፣ ጭራሽ እንዳልሰማ ዝም።»

ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «ሄሎ፣ አለሽ?» አለች።

አለሁ አልኳት።

ሕግ መማር ክፉ አመል ያስይዛል አባዬ። ሌላ ግራኝ ሠራተኛ ቀጥረህ እንደሆነስ? አልኩ። ሞርሳውን ልትሸጠው እየሞከርከው እንደሆነስ? እነዚያ ዳኞች ፊት ባቀርበው በቂ ማስረጃ አይደለም ይሉኛል። ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ። አልገጠመም። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ለወንድሜ ስለ ሞርሳው አልነገርኩትም። ዕቃህን ሸክፍ ብቻ አልኩት።

«ምን አለ?» አለኝ።

«ምንም አላለም» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተ።

ቅዳሜ ይደርሳል። ይህ ደብዳቤ እንዲቀድመው አሁኑኑ ፖስታ ቤት ልወስደው ነው። መልስ አትጻፍልኝ። ወገብህን አደራ፤ ከባድ ከባዱን እሱ ያንሣው። ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ እጅህን ያበርታልኝ።

ባለ ጠረጴዛዋ ልጅህ