ከሾፌሩ ኋላ ያለው ወንበር

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባራ ስል መልሶ ሲጀምር

ይድረስ ለውድ ሲስተር፤

በማዕረግሽ የጠራሁሽ ኩርፊያ እንዳይመስልሽ። እዚያ ሆስፒታል ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራሽ አሉ፤ እኔስ ለምን ይቅርብኝ ብዬ ነው። የእኔን ጤና ከጠየቅሽ፣ ወገቤ እንደ አውቶብሱ ሞተር ጠዋት ጠዋት ካልሞቀ አልነሳም ይላል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ያንቺን ግን ከሰው አፍ ነው የምሰማው። በዓመት አንዴ በስልክ «ደህና ነህ? ደህና ነኝ» ተባብለን የምንዘጋውን ጤና መጠያየቅ አልለውም።

እንግዲህ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበልሽና ይውጣልኝ። ከተማው መጥቷል። ይመጣል አላልኩሽም? «ከዚህ ፌርማታ በኋላ ያለው ጨረቃ ብቻ ነው» ብለሽ ስትስቂብኝ፣ «እስኪመጣ እኔ አረጅበታለሁ» ስትይኝ፣ ይመጣል ብዬ ድርቅ አላልኩም? በዚያው ነገር ተኳርፈን አይደል አንቺ ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ እኔ ወደ መሪዬ የዞርነው? የሄድሽው እንኳ በእኔው አውቶብስ ነበር። መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥሽ፤ እኔ እስከ መናኸሪያው ድረስ በመስታወት እያየሁሽ ነዳሁ፤ ከዚያ ሻንጣሽን አወረድኩልሽና አንድ ቃል ሳንነጋገር ተለያየን። ይኸው አሁን ያ ከተማ መጥቶ ደጃፋችን ላይ ቆሟል።

ቤታችን የመስመሩ ጫፍ መሆኑ ቀርቶ መሃሉ ሆኗል። ከእኛ ወዲያ አራት ፌርማታ ተጨምሯል። ሰዉ ግን ልማድ ሆኖበት የእኛን አሁንም «መጨረሻ» ነው የሚለው፤ እንግዳ ሰው እዚያ ይወርድና አውቶብሱ ጥሎት ሲቀጥል ሲያይ ግራ ይጋባል። ከማድቤቱ መስኮት ይታይሽ የነበረው ሜዳ ዛሬ ቤት በቤት ነው። ጠዋት በሩን ስከፍት ሰልፉ አጥራችንን ተደግፎ ይጠብቀኛል፤ ለሁሉም ደህና አደራችሁ እያልኩ አውቶብሱ ጋ እስክደርስ አፌ ይዝላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልክ መሆን ይህን ያህል የሚያጣብብ አልመሰለኝም ነበር።

ትኬት ቆራጬን አታውቂውም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጣው። ስሙን የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ «ጠጋ በሉ» ነው የሚባለው፤ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ስለማይናገር። አውቶብሱ ሞልቶ፣ በሩ አልዘጋ ብሎ፣ እሱ ግን «ጠጋ በሉ! አንድ ሰው ነው፣ ቀጭን ነው!» ይላል። የሚገባው ሰውዬ ደግሞ ወፍራም፣ ያውም ከነሻንጣው።

ልነግርሽ ያሰብኩት ነገር የተጀመረው አምና ነው። በጓሯችን በኩል ቤት የሠሩ ወጣት ባልና ሚስት አሉ፤ ባልየው ለሳኝ ነው፣ ግድግዳ ይለስናል። ሚስቱ ወሯ ገብቶ ምጥ ጀማምሯት ነበር፤ ማዋለጃ ያለው ከተማው መሃል ብቻ ስለሆነ የአውቶብሱን ብረት ይዛ ቆማ ትሄዳለች። ድልድዩን እንዳለፍን ከኋላ ጩኸት ሰማሁ። የሽርት ውሃዋ ፈሷል። ዳር ይዤ ቆምኩ። ወንዱ ሁሉ ተግተልትሎ ወረደ፤ ጠጋ በሉም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «ሰፋ በሉ!» ሲል ተሰማ። ሴቶቹ ከበቧት። እኔ መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዙሬ መሪዬን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ሾፌር አውቶብሱን ጥሎ አይወርድም እንጂ መውረዱንስ ከሁሉ በፊት ነበር የምፈልገው።

«ራሱ ታየ! ምን እናድርግ?» ብላ አንዷ ጮኸች። በዚህ መሃል ያንቺ ወሬ በእኔ አፍ ወጣ። ራት ላይ ስለ ማዋለድ ሥራሽ ስታወሪኝ «እባክሽ ምግብ ላይ ነን» እያልኩ እነጫነጭብሽ የነበረው ነገር ሁሉ ለካ አንድም ሳይቀር ገብቶኝ ኖሯል። «አትጎትቱት! በራሱ ይምጣ፤ እናንተ ደግፉት ብቻ!» አልኩ፣ ፊቴን ወደ መንገዱ እንዳደረግኩ። «ሲወጣ አድርቁት፣ እናቱ ደረት ላይ አድርጋችሁ አልብሱት! እትብቱን እንዳትነኩ!» ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ሴት ናት። እኔም አለቀስኩ። ጠጋ በሉ ቀድሞ ሳያወራብኝ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው።

በነጋታው አውቶብሱ እንደ ወትሮው ጢም ብሎ ሞላ፤ ከእኔ ኋላ ያለው ወንበር ግን ባዶውን ነበር። ማንም አላዘዘም። ሰዉ እርስ በርሱ ተደራርቦ ቆሞ ወንበሩን ዞሮት ያልፋል። ቀጥሎ ባለው ፌርማታ አንዲት እርጉዝ ገባችና ጠጋ በሉ እጇን ይዞ አስቀመጣት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንበሩ የእነሱ ሆነ። አንዴ ቦርሳ ያንጠለጠለ ባለ ከረባት መጥቶ ዘፍ አለበት። ክፉ የተናገረው የለም። አውቶብሱ በሙሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰውዬው ግራ ቀኙን አየና ቀስ ብሎ ተነሳ፤ ምን እንዳጠፋ አሁንም የገባው አይመስለኝም።

የእኛ ሰፈር ግን በአንድ ወንበር የሚብቃቃ ሰፈር አይደለም። በአንድ ጠዋት ሦስት እርጉዞች ይገቡ ጀመር። «የእኔ ይቀርባል»፣ «ያንቺማ ገና ነው፣ ሆድሽን አይቼው የለ» መባባል ሲመጣ ሁለተኛውን ወንበር ለቀቅን፤ ቆይቶ ሦስተኛውን። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ ብርቱ ሴት ናት፣ ተማሪው በዝቶባት በሁለት ፈረቃ ነው የምታስተምረው፤ እሷ ደግሞ የጠዋቱን ፈረቃ ሠራተኛው ከተሳፈረ በኋላ አደረገችውና መተንፈሻ አገኘን። የሰፈሩ ቦኖ ውሃም ተራ ወጥቶለታል። መጀመሪያማ ባልዲ የተወራወርንበት ቀን ነበር፤ እኔም ወርውሬያለሁ፤ አሁን ግን አራስ ላለበት ቤት ሁሉም ተራውን ይለቃል። ሰው ሲጨናነቅ የሚባላ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ይለምዳል፣ ይተዋወቃል፣ መላ ይፈጥራል።

በመጨረሻ «አውቶብሱን ማዋለጃ ከማድረጋችን በፊት አንድ ነገር እናድርግ» ተባለና በትምህርት ቤቱ ሜዳ ስብሰባ ተጠራ። ከጤና ቢሮ የመጣው ሰውዬ ረጋ ያለ ነው፤ የማይሆን ተስፋ አይሰጥም። «ጤና ጣቢያ እስኪሠራላችሁ ጊዜ ይፈጃል። አልጋና ዕቃ ግን አለኝ። ለማዋለጃ የሚሆን ቤት ካገኛችሁልኝ በቅርቡ እንጀምራለን» አለ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ተከራይ ያልሞላበት፣ ዘመድ ያልታጨቀበት ቤት የት ይገኛል? ከዚያ ዓይኑ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ዞረ። ሦስት ክፍል ይዞ ብቻውን የሚንጎራደድ እኔ ብቻ ነኛ።

ሳሎኑንና መኝታ ቤታችንን ሰጠኋቸው። ዳይሬክተሯ «ባለቤትህስ ምን ትላለች?» ብትለኝ «እሷ ራሷ አዋላጅ ናት፤ ደስ ይላታል» አልኩ። ደስ ይልሻል አይደል? ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዪ! ለሳኙ ግድግዳውን እንደ አዲስ ለሰነው፤ ስለ ክፍያ ሲነሳበት «ልጄ የተወለደችው እኮ በእሱ አውቶብስ ነው» ብሎ ተቆጣ። አናጢው አልጋ እንዲያሳልፍ በሩን አሰፋው። የእጅ መታጠቢያውን ያንቺ መስታወት ተሰቅሎ የነበረበት ግድግዳ ላይ ተከሉት፤ መስታወቱን እኔ ወስጄዋለሁ፣ አትስጊ። እኔ ማድቤቱ ጎን ወዳለችው ክፍል ገብቻለሁ። ጠባብ ናት። ሁለት ሰው ጠጋ ጠጋ ቢል ግን አታንስም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ክፍሎቹ አልቀዋል፤ አልጋዎቹ ገብተዋል፤ አዋላጅ የለም። ቢሮው ማስታወቂያ ቢያወጣም «መጨረሻ» ሄጄ እሠራለሁ የሚል ጠፍቷል። ሰውዬው ወሩ እስኪያልቅ ሰው ካልተገኘ አልጋዎቹን ለሌላ ሰፈር እንደሚሰጣቸው በግልጽ ነግሮናል። የጠጋ በሉ ሚስት ራሷ ወሯ ሊገባ ነው፤ ያ ለፍላፊ ሰውዬ ሰሞኑን «ጠጋ በሉ» ማለት እንኳ እየረሳ ነው። እኔ ምንም አላልኩሽም፤ የምጽፍልሽም ለራሴ ብዬ አይደለም። ይህ የሰፈር ጉዳይ ነው። ልምድ ያላት አዋላጅ ያስፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ ልምድ ያለሽ አዋላጅ ነሽ። እንደ አንድ የሰፈሩ ነዋሪ ማሳወቅ ግዴታዬ ስለሆነ ነው።

ነገ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ፖስታ ቤት እልከዋለሁ።

ሰኞ፣ ከሥራ እንደገባሁ

አልላክሁትም። ምክንያቱን ስሚ።

ዛሬ ጠዋት መናኸሪያው ደርሼ ወደ ሰፈር ልመለስ ስል አንዲት ወጣት ትልቅ ሻንጣ እየጎተተች ገባችና ከእኔ ኋላ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጉሮሮ የጠረገ አልነበረም። ሰፊ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፊቷ ደክሟል፤ ሁሉም የመሰለውን አሰበ። አንዷ እናት ሹራቧን አጣጥፋ ከወገቧ ኋላ አደረገችላት። ሌላዋ ውሃ ሰጠቻት። ጠጋ በሉ ሻንጣውን ተሸክሞ «ከባድ ነገር ለምን ታነሺያለሽ? ባልሽ የት ሄዶ ነው?» ብሎ ተቆጣት። «ኧረ እኔ አላገባሁም!» አለች ደንግጣ። ከዚያ ባለ ሹራቧ ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እሱም ቢሆን ያልፋል» አለቻት።

ልጅቷ ይህን ጊዜ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አዋላጅ ነኝ። መጨረሻ የሚባል ሰፈር ተመድቤ ነው፤ ስንደርስ ትነግሩኛላችሁ?»

ሲስተር፣ ያንን ጩኸት ብትሰሚው! ጠጋ በሉ አቅፎ ሊስማት ሲል በአክብሮት አቆመችው። ልትነሳ ብትል «ከዚያች ወንበር ንቅንቅ እንዳትይ!» ብለው መልሰው አስቀመጧት። እኔም እስከ ቤታችን ድረስ ክላክሴን እያጮህኩ ነዳሁ። ክፍሎቹን አሳየኋት፤ የእጅ መታጠቢያውን ከፍታ ውሃው ሲወርድ አይታ «ይህን ሁሉ ማን አሰበበት?» አለች። ከዚያ ወጣሁና ማድቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ለሰፈሩ ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ደብዳቤው ግን ኪሴ ውስጥ ነበር፤ የጻፍኩልሽ ምክንያት ሁሉ ደግሞ ሻንጣ ይዞ በአውቶብስ መጥቶ ገብቷል።

ልቀደው ነበር። ከዚያ ተውኩት። እንግዲህ ከላይ የጻፍኩትን ምክንያት አድርገሽ እንዳትመጪ። ሰፈሩ አዋላጁን አግኝቷል፤ አንቺን አይፈልግሽም።

የምፈልግሽ እኔ ነኝ።

ፈቃድሽ ከሆነ ሁልጊዜም የጠዋቱ ፈረቃ ላይ ነኝ። መናኸሪያው ላይ አውቶብሱ ሞልቶ ይጠብቅሻል። ያቺን ወንበር ላንቺ ልሰጥሽ አልችልም፤ ሕጉ ሕግ ነው፣ ሰዉም ጉሮሮውን ይጠርግብሻል። አንቺ ከፊት፣ ከጎኔ ያለውን ብረት ይዘሽ ቁሚ። ወደ ኋላ እንዳትሄጂ። በመስታወት ማየቱ በቅቶኛል።

ፈጣሪ ጤናሽን ያብዛልሽ፤ እጅሽ ላይ የሚወለዱትን ሁሉ ይባርክልሽ፤ መንገድሽንም ቀና ያድርግልሽ።

ባልሽ