በፈረስ መቀበል

ማክሰኞ፣ መስከረም 22

ከብቶቹ ከላይኛው ግጦሽ ወረዱ። ቁሩቱን፣ የሚደርቀውን እርጎ፣ አድቦልቡዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። አስር ሰዓት ላይ ባሌ ኤርሜክ ወደ ጋጣው ሲወርድ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ልጄ ጃዝጉል ጨዋታው ውስጥ፣ የውሃ ጉድጓዱ ጋ ቆማ ጠበቀችኝ። እሷ የምትሠራበት ሞስኮ የምሳ እረፍት ነው። እንደ ልማዴ ፈረሴን አስጋለብኩና በመሃሏ አለፍኩ፣ እንደ ጭስ።

«እማ፣ አንድ ቀን ትረግጪኛለሽ።»

«የጨዋታ ፈረስ ሰው አይረግጥም።»

እናቴም ከሩቅ ስመለስ እንዲሁ እየጋለበች ነበር የምትቀበለኝ...

ጃዝጉል ያለ ፈቃዱ ስላገባች አባቷ ኤርሜክ ስሟ እዚህ ቤት እንዳይነሳ ካለ ሦስት ዓመት ሆነ። ስልኬን ያያል። ጨዋታውን ግን የልጅ ነገር ብሎ ንቆታል።

ዓርብ፣ መስከረም 25

ጃዝጉል ሥራ በዝቶባታል፣ እስከ ሰኞ የለችም። ጨዋታውን ስከፍት ረጅም ማስታወቂያ፣ በሩሲያኛ። ሩሲያኛ ማንበብ የተማርኩት ከመድኃኒት ካርቶንና ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ጋዜጣ ነው፤ ረጅም ነገር ያደክመኛል። መጀመሪያው ስለ ጋሪ ግጭት ያወራል። ጋሪ የለኝም። ዘጋሁት።

ሰኞ፣ መስከረም 28

ጻፈችልኝ፦ «እማ፣ በፀደይ እመጣለሁ። አባዬ ቢያባርረኝም እመጣለሁ።»

መልስ ልጽፍ ስል ፊደሎቹ ጠፉብኝ። ምንም ሳልመልስ ፈረሱን እስከ ኮረብታው ወሰድኩና ባለ በሌለ ኃይሉ ለቀቅኩት። ደስታዬን በምን ልንገራት?

እንደ ወትሮው በመሃሏ አላለፈም። መታት። ወደቀች።

እዚህ ጨዋታ ውስጥ የሞተ አይነሳም። አራት ዓመት ጨዋታው ውስጥ ያሳደገችው ሰው...

አንድ መስመር ላከች፦ «አባዬ ነው ያዘዘሽ?»

መልስ ስጽፍ ወጥታለች።

ማክሰኞ፣ መስከረም 29

ቃልመት ጨዋታው ውስጥ ገባ። ኦሽ ከተማ ታክሲ ይነዳል፣ አብሮን ይጫወታል።

«እትዬ ቡሩልቻ፣ ልጅሽን ገጨሽ አሉ። እኔ በዚህ አነዳዴ እንኳ ሃያ ዓመት ሰው አልነካሁም።»

ፈረሴን አዙሬ ጀርባ ሰጠሁት።

«ይቅርታ እትዬ። ማስታወቂያውን አላየሽም? ከዓርብ ጀምሮ ጋሪም ፈረስም የገጨውን ይጎዳል። ወዳጅ ጠላት አይልም።»

«ግማሹን አየሁ።»

«ታዲያ ንገሪያታ።»

በምን? ለሞተ ስም መልእክት አይሄድም። የስልክ ቁጥሯንም፣ ኤርሜክ ስልኬ ላይ ያየዋል ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ዝም አልኳት፣ ወደ ኋላ ሸሸሁ፣ ከዚያ ፈረስ ነዳሁባት... እኔስ ብሆን ምን አስብ ነበር?

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

አልመጣችም። ፈረሱን ፈታሁት፤ በጨዋታው ሜዳ ብቻውን ሄደ።

ኤርሜክ ሻይ እየጠጣ፣ «ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ።

«መቼ አውርቼ አውቃለሁ?»

ሳቀ። ዳቦውን ቆርሼ ሰጠሁት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

አልመጣችም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ጉድጓዱ ጋ አዲስ ሰው ቆሟል። ባዶ እጁን፣ ስሙ ቁጥር ብቻ። ጃዝጉል እንደምትቆመው፣ ጀርባውን ለጉድጓዱ ግንብ ሰጥቶ። በአስር ሰዓት።

«ጃዝጉል?»



በእግሬ ቀስ ብዬ ቀረብኩ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ቆምኩ። ፊደል በፊደል እየፈለግኩ ጻፍኩ፦ «ፈረስ የለኝም። አባትሽ አላዘዘኝም።»

አሁንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ከዚያ ጠፋ።

ነገ ኮረብታው ሥር እቆማለሁ። ጉድጓዱ ጋ ሆና በምታየኝ ቦታ። አልጠጋም።