በሦስተኛ ፎቅ እማማ ላይ ከውጭ እንድቆልፍ ስለተሰጠኝ ክብር

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ግልባጭ፦ ደረጃ ለሚወጣና ለሚወርድ ሁሉ

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ፣ ለወንበርዎና ቀለሙ ደርቆ ለማያውቀው ማኅተምዎ ደህንነትን እየተመኘሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ከባድ ጉዳይ ለሕዝብ ማሳወቅ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ፣ በወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ፣ አውራ ጣት የሚያህል አንድ ጓጉንቸር ያለ ቁልፍ ተከፍቷል። በሰውም በንብረትም ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። የጓጉንቸሩ ባለቤት፣ ማለትም እኔ፣ በሥፍራው ስለነበርኩ፣ ፈቃዴን ራሴን ጠይቄ፣ ጥቂት ካመነታሁ በኋላ ፈቅጃለሁ።

በመግቢያው ላይ «አደገኛ ልማድ ያለው ነዋሪ» በሚል ርእስ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ላላነበበ፣ ያ ነዋሪ እኔ ነኝ። አራተኛ ፎቅ እኖራለሁ፤ ቀን ቀን መነጽር ስሠራ እውላለሁ፤ ስመለስ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የለቀምኳቸውን ጓጉንቸሮች በሁለት ቀጫጭን ሽቦ እየነካካሁ እከፍታለሁ። ሌላው ካርታ ይጫወታል፣ ሌላው የሰው ወሬ ያጣራል፣ የእኔ ደግሞ ይህ ነው። ልምምዱን ከመጀመሬ በፊት ለኮሚቴው በጽሑፍ አሳውቄያለሁ፤ የምለማመደውም ያለፈ ያገደመ እንዲያየኝ በሬን ገርበብ አድርጌ ነው። ሕጎቼ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፈዋል፦ የራሴ ያልሆነውን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አልነካም፤ በር ላይ ተገጥሞ የሚሠራውን የራሴም ቢሆን አልነካም፤ ድክመት ካገኘሁ አስቀድሜ የምናገረው ለሚመለከተው ብቻ ነው። የምድር ቤቱ ልብስ ሰፊ ይህን ባነበበ ጊዜ፣ «ወንድሜ፣ ሌባ ሁሉ እንዳንተ ሕግ ቢኖረው ፖሊስ ሥራ ይፈታ ነበር» ብሎ ሆዱን ይዞ ስቆብኛል። ክቡርነትዎ ግን አልሳቁም። ምስጋናዬም ቅሬታዬም ከዚሁ ይጀምራል።

፩. ለደህንነታችን በመጨነቅ በአርባ ስምንቱም በር ላይ በአንድ ቀን አዲስ መቆለፊያ ስላስገጠሙልን ከልብ አመሰግናለሁ። እኔም ለልምምድ ይሆነኝ ዘንድ ከዚያው ሱቅ አንዱን ገዝቼ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ በችኮላ፣ የልምምዱን ቁልፍ በገዛ በሬ ላይ ከተትኩት፤ በሩም ምንም ሳያቅማማ ተከፈተ። ልብስ ሰፊውን ለምኜው በገዛ እጁ በገዛ በሩ ላይ ሞከረው፤ ያም ተከፈተ። «እና እኔ በየቀኑ የምቆልፈው ማንን ደስ ይበለው ብዬ ነው?» አለ። የመቆለፊያዎቹ ቁጥር አርባ ስምንት፣ የቁልፉ ዓይነት ግን አንድ መሆኑ ነው። በሕጌ መሠረት ለሌላ ሰው ሳልተነፍስ ቢሮዎ መጥቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አመለከትኩ። ክቡርነትዎም «አንተን ማን ፈትሽ አለህ?» አሉኝ። በማግሥቱ የእኔን ልምምድ የሚከለክል ማስታወቂያ ወጣ፤ መቆለፊያዎቹ ግን ባሉበት ሰባት ሳምንት ቆዩ። ዛሬ ይህን በአደባባይ የምጽፈው የመጨረሻው መቆለፊያ ባለፈው ማክሰኞ ስለተቀየረ ብቻ ነው።

፪. በእነዚያ ሳምንታት ሕንፃችንን አንድ እንግዳ ሌባ ይጎበኘው እንደነበር ያስታውሳሉ። የሁለተኛ ፎቁ ሾፌር ካልሲዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ታጥፈው አገኘ። የአምስተኛ ፎቋ መምህርት ያልታጠቡ ሳህኖቿን ትታ ሄዳ ታጥበው ጠበቋት። የጠፋ ነገር አልነበረም፤ የጠፋው እንቅልፍ ነው፤ ሰው ቤቱ በማያውቀው እጅ ሲነካ ይፈራል፤ አልፈርድበትም። ኮሚቴው ግን ፍርሃቱ አድራሻ እንዳያጣ ብሎ የማስታወቂያውን ሁለተኛ እትም ከነቤት ቁጥሬ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስገናኛቸው ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው የሚያስጠጉ ጎረቤቶች አፍርቻለሁ። ሾፌሩማ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ካልሲ ሊያጥፉ ነው?» ብሎኛል። ለዚህ ሁሉ ዝና ውለታዎ አለብኝ።

፫. ሌባውን አውቀው ነበር። አንድ ቀን አሞኝ ከሥራ በቀትር ስመለስ የሦስተኛ ፎቋ ነርስ እናት ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ማስታወሳቸው እየከዳቸው የመጣ አዛውንት ናቸው። ፎቁን ሲቆጥሩ ተሳስተው፣ ቁልፋቸውን ከተው፣ በሩ እሺ ሲላቸው ገብተዋል። የከፈተላቸው ቤት ቤታቸው ነው፤ አስተሳሰቡ ከኮሚቴው አስተሳሰብ ብዙም አይከፋም። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ብርጭቆ እንዲህ ትተህ የት ስትዞር ነው?» ብለው ተቆጡኝ፤ እኔም ይቅርታ ጠየቅኩ። ለነርሷ ስነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። «እባክህ፣ አብራቸው የምትውል ሰው እስካገኝ ዝም በልልኝ፤ ከሰሙ ያስወጡናል» አለችኝ። ዝም አልኩ። የማስታወቂያው ሁለተኛ እትም የወጣው እኔ ዝም ባልኩበት ሳምንት ነው።

በመጨረሻ እማማ ክቡርነትዎ ቤት ገብተው ሸሚዝዎን ሲተኩሱ ተገኙ። የእኔ ማመልከቻ በሰባት ሳምንት ያላነቃነቀውን ጉዳይ፣ አንድ የተተኮሰ ሸሚዝ በሦስት ቀን ፈጸመው። «በኮሚቴው ንቁ ክትትል የተደረሰበት» የሚለውን ሦስተኛ እትም ከአድናቆት ጋር አንብቤዋለሁ። የእኔ ስም ከጥርጣሬው ስለመውጣቱ የሚናገር መስመር ፈልጌ አጣሁ፤ ምናልባት ቦታ አልበቃ ብሎ ይሆናል።

፬. ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል። መቆለፊያው ከተቀየረ ወዲህ የእማማ ቁልፍ የሚከፍተው አንድ በር ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ እሳቸው አያስታውሱም። ባለፈው ረቡዕ በእኔ በር ላይ ቆመው ሲታገሉ ከውስጥ ሰማሁ። ከተቱት፣ አዞሩት፣ እምቢ አላቸው፤ አውጥተው በቀሚሳቸው ጠረጉት፤ እንደ ሰው፣ «ምን በደልኩህ?» አሉት። ሮጬ ከፈትኩላቸው። እኔ የማላየው ሌላ ስንት በር ላይ እንደሚቆሙ ግን አላውቅም። ያመለከትኩት እውነት ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አመለክት ነበር፤ ነገር ግን በእውነቴ ምክንያት አርባ ሰባት በር ፊታቸው ላይ ተዘግቷል። ይህን ቅሬታ ለየትኛው ኮሚቴ እንደማቀርበው እስካሁን አላወቅኩም።

፭. በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለሁ የክቡርነትዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ያለዎትን ልዩ ሙያ ከግምት በማስገባት» ከሐሙስ ጀምሮ ነርሷ ሥራ ላይ በምትሆንበት ሰዓት በሯ ከውጭ የሚቆለፍበትን፣ ከውስጥ በምንም መንገድ የማይከፈት ጓጉንቸር መርጬ እንድገጥም ታዝዣለሁ፤ ነርሷ እንቢ ካለች ደግሞ ቤቱን እንድትለቅ ለአከራይዋ ይጻፋል። ትናንት አደገኛ የነበረ ልማድ ዛሬ ልዩ ሙያ ስለሆነ እግዜር ይስጥልኝ። ነርሷ በስብሰባው ላይ ቆማ፣ «በእናቴ ላይ እንደ ዕቃ አልቆልፍም፤ አክስቴ ልትመጣ ነው፤ የሁለት ሳምንት ጊዜ ብቻ ስጡኝ» ስትል፣ ክቡርነትዎ ንግግሯ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዋል። መያዙንስ ተይዟል።

መልሴ አልገጥምም የሚል ነው። ስለ መቆለፊያ ከተማርኩት ሁሉ የመጀመሪያው፣ ሰው ያለበት በር ከውስጥ መከፈት እንዳለበት ነው። ምድጃ ላይ የተረሳ ድስት ቢቃጠል ቃለ ጉባኤው አያወጣቸውም። አክስቷ እስኪመጡ ድረስ በየተራ አብረናቸው ለመዋል ሰባት ሰዎች ፈርመናል፤ ልብስ ሰፊው ጠዋት ጠዋት ሱቁ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ ሾፌሩ እንኳ፣ «ካልሲዬን እንዲያ ያጠፈልኝ ሰው የለም» ብሎ ሁለት ቀን ወስዷል። ዝርዝሩ ተያይዟል። የምንለምነው ትእዛዙ እንዲሻር ብቻ ነው።

በመጨረሻም፣ ወንበርዎ እርስዎን ለመሸከም ያለውን ትዕግሥት እያደነቅኩ፣ ውሳኔዎ ሁሉ እንደ ማኅተምዎ ክብ ሆኖ መጀመሪያውና መጨረሻው እንዳይታወቅ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ልዩ ሙያ ያለው አደገኛ ነዋሪዎ
አራተኛ ፎቅ

ማረሚያ፦ ከላይ «የራሴ ያልሆነውን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አልነካም»፣ ቀጥሎም «በር ላይ ተገጥሞ የሚሠራውን አልነካም» ተብሎ የተገለጸው፣ ከዛሬ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ትክክል ባለመሆኑ ታርሞ ይነበብ። ለከሰዓት ተራዬ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ይህን ደብዳቤ ልለጥፍ ስወርድ የእማማ በር ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ አገኘሁ፤ የጠዋት ተረኛው ልብስ ሰፊ ሊወስዳቸው ሄዶ በሕንፃው ዘበኛ መመለሱን፣ ዘበኛውም የቆለፈው በክቡርነትዎ ትእዛዝ መሆኑን ነግረውኛል። ለነርሷ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ስለነበረች አላነሣችም። እማማ ከውስጥ በሩን በጥፍራቸው ይቧጥጡ ነበር። የጓጉንቸሩ ባለቤት ኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴውን አልጠየቅኩም። ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ጓጉንቸሩ ጉዳት ሳይደርስበት ከዚህ ጋር ተያይዟል። «አራተኛ ፎቅ» የሚለው አድራሻዬም ነርሷ እስክትመለስ ድረስ «ሦስተኛ ፎቅ፣ ከእማማ ጋር» ተብሎ ይስተካከል፤ ሊጠይቁኝ የሚፈልጉ ቢሆን በሩ አልተቆለፈም።